ዱላው ማዶ ነው

ልጃቸውን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት አባባ ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር «ቆም በል፤ ዱላው ማዶ ነው» የሚል ነበር። ሴት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስለ ዱላ ሲነገረው ደስ አይለውም፤ አንድ እግሬ ሳላዘው ወደ ኋላ አፈገፈገ። አጠገቤ ሞተሩን አጥፍቶ የተቀመጠ የጭነት መኪና ሾፌር ሳቀብኝና «አይዞህ፣ እኛም እሱኑ ነው የምንጠብቀው» አለኝ። የዛሬዋን ባለቤቴን የጠየቅኩት እንግዲህ በጭነት መኪኖች ሰልፍ መሃል፣ ተራዬን ጠብቄ ነው።

ወደ ቤት ለምን አልሄድክም የሚለኝ ሰው የባለቤቴን አባት አያውቃቸውም። ሰውየው ድልድይ ጠባቂ ነበሩ። ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስክትጠልቅ ከድልድዩ ጫፍ ንቅንቅ አይሉም፤ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ቤት ገብተው ቀን በሆነው ነገር ሲናደዱ ያመሻሉ። ስለዚህ የሚያናግራቸው ሰው ሁሉ የሚያናግራቸው እዚያው ሥራቸው ላይ ነው።

ከተማችንን ከጎረቤት አገር የሚለያት ወንዝ ነው፤ ወንዙን የሚያሻግረው ደግሞ ያኔ አንድ የድንጋይ ድልድይ ብቻ ነበር። ከሱ በፊትም ሌላ ሳይኖር አልቀረም፤ ውኃው ሲጎድል የእንጨት ምሰሶዎች ጉቶ ብቅ ብቅ ይላል። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም። ወዲህ ያለው ሰው የእኛ አያቶች ናቸው ይላል፣ ወዲያ ያለውም እንዲሁ። የድንጋዩ ድልድይ የሚበቃው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። መሃሉ ደግሞ እንደ ግመል ጀርባ ጎበጥ ስለሚል፣ በዚህ ጫፍ የቆመ ሰው ከዚያኛው ጫፍ የሚመጣውን አያይም። ድሮ ድሮ ሁለት መኪኖች ጉብታው ላይ ፊት ለፊት ይገጥሙና ማን ወደ ኋላ ይመለስ በሚለው ሲሰዳደቡ ይውሉ ነበር አሉ። አባባ ሲያወሩት ጦርነት ሊነሳ ለጥቂት ነው የተረፈው። እሳቸው ሲያወሩት ግን ጦርነት ለጥቂት ያልተረፈበት ነገር የለም።

መፍትሔው ዱላው ነበር። ክንድ የሚያህል፣ በሁለት ጫፉ ነሐስ የተገጠመለት፣ መሃሉ ከእጅ ብዛት የለሰለሰ እንጨት ነው። በድልድዩ በየጫፉ አንድ የቆርቆሮ ጎጆ፣ አንድ ማገጃ እንጨትና አንድ ጠባቂ አለ። ዱላው ያለበት ጠባቂ ለሾፌሩ ይሰጠዋል፤ ሾፌሩ ይዞት ይሻገርና ማዶ ላለው ጠባቂ ያስረክባል። ያኛው ደግሞ በተራው ለሚመጣው ይሰጣል። ዱላ ያልያዘ ሰው ሚኒስትር ቢሆን፣ ሙሽራ ቢሆን፣ እግሩ የተሰበረ ቢሆን ድልድዩን አይረግጥም። ደግሞም እንዲህ በመሆኑ በዚያ ድልድይ ላይ አንድም መኪና ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ አያውቅም። የተጋጩት ጠባቂዎቹ ናቸው።

ማዶ ያሉትን ጠባቂ ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም፤ አባባ «የማዶው» ነው የሚሏቸው። እሳቸውም አባባን «የማዶው» እንደሚሏቸው ሾፌሮች ነግረውናል፣ አባባ ግን ይሄን ሲሰሙ ማዶ የሚባለው ያኛው ወገን ብቻ እንደሆነ አስረድተዋል። ሁለቱ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ትይዩ ቆመው ሲሠሩ ተገናኝተው አያውቁም። ድልድዩ ክፍት ሳለ ቦታ መልቀቅ አይቻልም፤ ሲዘጋ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይቆለፋል። አባባ ከጠላታቸው ያዩት ነገር ቢኖር ከጉብታው በላይ አንዳንዴ ብቅ የሚል ትልቅ ባርኔጣ ነው።

ጠቡ ዱላው የት ይደር የሚል ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ድልድዩ ይዘጋል፤ የመጨረሻው መኪና ወደ የት እንደተሻገረ ታይቶ ዱላው እዚያው ያድራል። ዱላው ያደረበት ጠባቂ በማግስቱ ድልድዩን ይከፍታል። ይሄ ምን እንደሚጠቅም ጠይቄ አላውቅም፣ የጠየቀ ሰውም አላየሁም። ብቻ አባባ ከሰዓት በኋላ ዱላው እጃቸው ከገባ መልቀቅ ሞታቸው ነው። የሚሻገር መኪና ሲመጣ ዙሪያውን ይዞራሉ። ጎማህ ሳስቷል ይላሉ። ጭነትህ አጋድሏል ይላሉ። አንዱን ሾፌር ፊትህ የደከመው ሰው ፊት ነው ብለው አስተኝተውታል። ማዶም ያው ነው፤ እዚያ ደግሞ መስተዋት አልተወለወለም ተብሎ ይታደር ነበር። ሾፌሮቹ በሁለት ግትሮች መሃል እንደ ወፍጮ እህል ይፈጩ ነበር።

ይሄም ሆኖ ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ የዋሉበት ቀን የለም። የሚነጋገሩት በሾፌር አፍ ነው። አባባ ዱላውን ሲሰጡ «ዛሬ ጠዋት አርፍደሃል በለው» ይላሉ። ሾፌሩ ተሻግሮ ያደርሳል፤ የሚቀጥለው መኪና መልሱን ይዞ ይመጣል። «ዱላው እኔ ጋ ካደረ፣ ጠዋት የሚሆነው እኔ ጠዋት ነው ስል ነው በለው።» አንድ ሰሞን አባባን ሳል ያዛቸው። ዱላው ላይ ሎሚ በከረጢት ታስሮ መጣ፣ ሳልህ እዚህ ድረስ እየተሰማ መኪናዎቼን አስደነገጠብኝ ከሚል መልእክት ጋር። አባባ ስድቡን ለሰፈሩ ሁሉ እየነገሩ ሎሚውን እስከ ልጣጩ ጨረሱት። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድም በሹራብ ክር የተሠራች ትንሽ ኮፍያ መጣች። መልእክቷ «አያቷን እንዳትመስል እጸልያለሁ» የሚል ነበር።

የባለቤቴ እናት፣ እማማ፣ ነገሩ ያናድዳቸው ነበር። ከእኔ ጋር በዓመት የማያወራውን ከዚያ ሰውዬ ጋር በአንድ ቀን ያወራል ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ታዲያ ከወንዙ ዝቅ ብሎ አዲሱ ድልድይ መሠራት ጀመረ። ኮንክሪት ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጉብታ የለውም፤ መኪና ሲሄድ መኪና ይመጣበታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና የትራፊክ መብራቱን እንድተክል ተቀጠርኩ። ያን ቀን አባባ ጥርስ ውስጥ ገባሁ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል አሉኝና ከዚያ በኋላ በቀጥታ ማናገር አቆሙ። ማዕድ ላይ ከጎኔ ተቀምጠው ለልጃቸው «ለመብራቱ ሰውዬ ንገሪው፣ ጨው ያቀብል» ይላሉ። ጨዋታው በእኔም ሳይጋባ አልቀረም፤ «ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ጨዉ እሳቸው ፊት ነው» እል ነበር።

በአዲሱ ድልድይ ላይ እግሬን ባሳርፍ ብለውም ማሉ። መሐላቸውን ወደ ማዶ ሲልኩ፣ የማዶውም በዚያው ጠዋት ያንኑ መሐላ ልከው መንገድ ላይ ተላለፈ። አባባ የተናደዱት በአዲሱ ድልድይ ሳይሆን መቀደም አለመቀደማቸው ባለመታወቁ ነበር።

አዲሱ በሚከፈትበት ዕለት አሮጌው ፀሐይ ስትጠልቅ በብረት አጥር እንደሚታጠር ተነገረ። እንግዲህ ዱላው ያን ምሽት ካደረበት አይነሳም፤ ለዘላለም እዚያው ነው። አባባ ይሄን ቀን ሲያሰሉ ከርመዋል። የግድግዳውን ፎቶ አውርደው ለዱላው ሁለት ምስማር መትተው ነበር። ዋዜማውን ግን አንድ አውቶቡስ ተሳፋሪው አምጾባቸው አስለቀቃቸውና ዱላው ማዶ አደረ። በማግስቱ ደግሞ መኪናው ሁሉ በአዲሱ በኩል ጎረፈ። ወደ አሮጌው ዘወር ያለ አንድ አልነበረም። ከማዶ የሚመጣ መኪና ከሌለ ዱላው አይመጣም። አባባ ማገጃቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ ጉብታውን ሲያዩ ዋሉ። እማማ ያመጡላቸውን ምሳ አልነኩትም።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱን ፒካፕ ይዤ ላያቸው ስመጣ ቀና አሉ።

«አንተ» አሉኝ።

ከስንት ወር በኋላ በቀጥታ ሲያናግሩኝ ነው። «አቤት አባባ።»

«በዚያኛው ሂድና በዚህኛው ተመለስ።»

የአዲሱን ድልድይ ስም እንኳ አፋቸው አላለውም፤ በአገጫቸው ነው ያመለከቱት። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ዕቅዱን በዝርዝር አስረዱኝ። መኪና ከማዶ ከመጣ የማዶው ዱላውን መስጠት ግዴታው ነው፤ እምቢ ካለ ሕግ አፈረሰ፤ ሕግ ያፈረሰ ደግሞ ዱላም ቢያስቀር ተሸንፏል። ብቻ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍጠን፣ ከእኔ ጋር ዝምድና እንዳለህም ትንፍሽ እንዳትል አሉኝ። ድምፃቸው ተለምኖ የማያውቅ ሰው ሲለምን የሚያወጣው ድምፅ ነበር። አንጀቴን በሉኝ።

በአዲሱ ድልድይ በረርኩ። መግቢያው ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ፤ የሚያቋርጠኝ መኪና ሳይኖር ዝም ብሎ ያስቆማል። ይሄን የተከለው ማን ደንቆሮ ነው ብዬ ከተሳደብኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

የማዶውን ግዙፍ ሰው አድርጌ ነበር የሳልኳቸው። ጎጆው የአባባ ጎጆ ቁርጥ፣ ወንበሩ የአባባ ወንበር ቁርጥ፤ ወንበሩ ላይ ግን አንዲት ፍሬ የሚያህሉ ሽማግሌ ከባርኔጣ በታች ተቀምጠዋል። ዱላው ጭናቸው ላይ ነው። ፒካፗን ሲያዩ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ብድግ አሉ።

«ልኮህ ነው አይደል?»

ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ ጠፋብኝ። «አዎ» አልኩ።

ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አንድ መኪና እንኳ እንዲመጣ ሲጸልዩ እንደዋሉ ነገሩኝ። ምን ሊያደርግልዎ፣ ዱላው እርስዎ ጋ ነው፣ ዝም ብለው ቢቀመጡ አሸንፈዋል አልኳቸው።

«ማሸነፉንማ ሌሊት አሸነፍኩ» አሉኝ። «ቤቴ ወስጄ ሰቀልኩት፣ ቁጭ ብዬ አየሁት። እንጨት ነው። ባለቤቴ የለች፣ ልጅ የለኝ፤ አሸነፍኩ ብዬ ለማን ልንገር? የሚናደድልኝ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ልላክለት አልኩ። ግን ሲቀበለኝ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስሰድበው ፊቱን አላውቀውም።»

ማገጃቸውን አወረዱ፣ ጓጉንቸሩን ቆለፉ፣ ዱላውን ይዘው ከጎኔ ገቡ። ጉብታው ላይ ስንደርስ ቀስ በል አሉኝ፤ ከዚያ አልፈው አያውቁም። በወዲህኛው ጫፍ አባባ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆመዋል። «እሱ ነው?» አሉኝ።

ፒካፗ ቆመችና ሰውየው ወረዱ። አባባ ተሳፋሪ መስሏቸው «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉኝ። የማዶው ናቸው አልኩ። አባባ ከባርኔጣ እስከ ጫማ አዩአቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«አጭር ነው እንዴ በለው» አሉኝ።

የማዶውም ወደ እኔ ዞሩ። «እሱም በስድቡ ልክ አልሆነልኝም በለው።»

አንዱ ሌላውን በእጁ ሊነካው በሚችልበት ርቀት ቆመው፣ እኔን መሃል አድርገው መልእክት ይላላኩ ጀመር። እኔም ሞኙ ወዲህና ወዲያ እየዞርኩ አደርሳለሁ። በመጨረሻ እማማ መጡና ሁለታችሁም ደንቆሮ አይደላችሁም፣ ልጁን አታድክሙት ብለው ገላገሉኝ።

የማዶው ዱላውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። አባባ ተቀበሉ። ለዚህ ቀን ያዘጋጁት ንግግር እንደነበራቸው አውቃለሁ፣ ማታ ማታ በለሆሳስ ሲለማመዱት እንሰማ ነበር። ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

«እጅህ ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

«ወንዝ ዳር እኮ ነው የምውለው።»

«እኔስ የት የምውል መሰለህ?» አሉና አባባ ወንበራቸውን አቀረቡላቸው።

ጎጆው ውስጥ ያወሩትን በከፊል ሰምቻለሁ። ስለ አንድ ዓሣ ጫኝ መኪና ሲከራከሩ ነበር፤ መኪናው ድሮ ተሸጧል፣ ሾፌሩም ሞቷል፣ ክርክሩ ግን አላለቀም ነበር። ያልተነካው ምሳም ለሁለት ተበላ። አባባ ዱላውን አንድ ጊዜም ከእጃቸው አላስቀመጡም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በያጆቹ የብረት አጥሩን ይዘው መጡ። የማዶው ተነሱ፣ ተሰናበቱ፣ ማገጃው ድረስ ሄዱና ቀጥ አሉ። አባባም ቀጥ አሉ። ያን ጊዜ ነው ለሁላችንም የገባን። ዱላው እዚህ ነው፤ ዱላ ያልያዘ ሰው ድልድዩን አይረግጥም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል። ሰውየው ዱላውን በገዛ እጃቸው ሰጥተው የገዛ መንገዳቸውን ዘግተዋል።

የበያጆቹ አለቃ ነገሩን ሲሰማ፣ ድልድዩ ላይ መኪና የለ ምን የለ፣ ዝም ብለው ይሻገሩ እንጂ አባቴ አለ። ሁለቱም ልብስህን አውልቀህ ገበያ ግባ ያላቸው ይመስል አዩት።

«ያለ ዱላ?» አሉ፣ እኩል።

እኔ በፒካፕ በአዲሱ ላድርስዎ አልኩ። የማዶው ምያለሁ አሉኝ። አባባም ራሳቸውን ነቅንቀው «ምሏል» አሉ፣ ልክ የገዛ ልጃቸው እንደማለ ሁሉ በኩራት። እማማ አልጋ አነጥፋለሁ አሉ፤ ግን ያደረ ሰው በማግስቱ በየት ይሄዳል? አጥሩ ሊበየድ ነው።

አባባ ዱላውን አዩት። ፀሐይዋን አዩ። ዱላው እጃቸው ሳለ እንድትጠልቅ ዕድሜ ልካቸውን የተመኟት ፀሐይ ጫፏ ብቻ ቀርቷል። ዝም ብለው ቢቆሙ ዱላው የሳቸው ነው። ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ።

«እንካ፤ ሂድ» አሉ ከኋላዬ። «ተራህ ነው።»

«ከዚያስ?» አሉ የማዶው።

«ከዚያማ ትመልሰዋለህ። የሰው ዕቃ ይዘህ ልትቀር ነው?»

«በየት አድርጌ?»

 አባባ ቁልቁል፣ መብራቴ የበራበትን፣ በአገጫቸው አመለከቱ። «እሁድ» አሉ። «ጫፉ ላይ እጠብቅሃለሁ።»

የማዶው ዱላውን ይዘው ሄዱ። ባርኔጣው ከጉብታው ወዲያ እስኪሰወር አየናቸው፣ ከዚያ የብየዳው እሳት መንጨርጨር ጀመረ። ያን ሳምንት አባባ ያማቸዋል ብለን ፈርተን ነበር። አላመማቸውም። ብቻ ሥራ ፈተው ቤት ሲንጎራደዱ፣ እማማን ጎማሽ ሳስቷል ሊሏቸው ምንም አልቀራቸውም።

እሁድ አባባ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ እኔን አስከትለው ወደ አዲሱ ድልድይ ወረዱ። ጫፉ ላይ ቆመው መብራቱን ተቹ፤ የሰውን ፊት ሳያይ ያሳልፋል፣ እንዲህ ያለ ጠባቂ አይቼ አላውቅም አሉኝ። ልመልስ ስል ባርኔጣው ከሩቅ ታየ። ይሄኛው ድልድይ ጉብታ ስለሌለው ከሥሩ ያሉት ሰውዬም አብረው ታዩ። አባባ ባርኔጣውን ሳይሆን እጃቸውን ነበር የሚያዩት። እጃቸው ባዶ ነው።

«ዱላውስ?»

«ረሳሁት» አሉ የማዶው። «ከቤት ስወጣ በር ላይ አስደግፌው ነበር፣ ረስቼው መጣሁ።»

አባባ ተቆጡ። ከድልድዩ እስከ ቤት ተቆጡ፣ ምሳ ላይ ተቆጡ። ባርኔጣህን ግን አልረሳህም፣ ሆድህን ይዘህ መምጣቱንም አልረሳህም አሏቸው። እየተቆጡም ምሳውን ደግመው በሉ፤ ለእንግዳው በየደቂቃው የሚያቀርቡት እሳቸው ነበሩ፣ ጨውንም ቢሆን ራሳቸው ናቸው ያቀበሉት። እማማ በዚያ ቤት ያን ያህል ወሬ ሰምቼ አላውቅም አሉኝ።

ሲመሽ አብረን ሸኘናቸው። የማዶው መብራቱን አልፈው ጥቂት ሄዱ። እኔ ለአባባ አዝኜ ነበር፤ በሚቀጥለው እሁድም ረስተው ቢመጡ አባባ አይችሉትም ብዬ፣ ዱላውን እንዳይረሱ ልጮኽላቸው አፌን ከፈትኩ። አባባ እጅጌዬን ጨምድደው ያዙኝ።

«ዝም በል አንተ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ታስታውሰውና ያመጣዋል።»